ሚስጥር ያየችው

ለወንድም ጋሼ ገሠሠ፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ቦንጋ ዝናቡ ሳይለየን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን።

ጤና ጣቢያችን ሚስጥር የምትባል አዲስ የላቦራቶሪ ባለሙያ መጥታለች። ጎኑን የሚያመው አንድ የማንኪራ ንብ አርቢ ነበር፤ ሰገራውን አይቼ "ምንም የለም" ብዬ መልሼዋለሁ። እሷ ደግማ አጣርታ የጉበት ትል እንቁላል አገኘች። "ከበላው ዱለት ጉበት ጋር ገብቶ እንዲሁ የሚያልፍ እንዳይሆን" ብላ ለሳምንት ጉበት ከልክላው ስታየው እንቁላሉ አሁንም አለ። ሐኪሞቹ አጨበጨቡላት። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳጎነብስ ማን አጨበጨበልኝ? ላንተ አልደብቅም፣ ሁለት ቀን ሰላምታዋን አልመለስኩላትም።

እማዬ ደህና ናት። ቀኝ ጎኗን ሲያማት "ጨጓራ ነው" ያልኳት አምና ነበር፤ ሰገራዋንም ያየሁት እኔው ነኝ። አሁን ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሳምንቱን ጉበት እንዳትቀምስ ከለከልኳትና ዛሬ ናሙናዋን ለሚስጥር ሰጠሁ።

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ "እትዬ ሰብሌ፣ የማን ነው?" አለችኝ።

"የእናቴ።"

ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

"አንቺው ጨርሺው" አልኳት።

ከደብዳቤው ጋር ባለው ማዘዣ የእማዬን መድኃኒት እዚያ ፈልግልኝ፤ እንዳገኘኸው ፈቃድ ጠይቀህ ራስህ ይዘኸው ና። ቤተሰብህን ሁሉ በያሉበት ሰላም በልልኝ።

እህትህ ሰብሌ