የኪኒን ቀዷ

መጋቢት 24፣ ጧት 1 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ
የፋጡማን ኪኒን ሰጠሁ። አፏን አስከፍቼ አየሁ፤ ውጣዋለች። ሚስቴ በሌላው ሁሉ ትታመናለች፣ በኪኒን አትታመንም። ረመዳኑን ሙሉ «ከሱሁር በኋላ እውጠዋለሁ» እያለች ስትተኛበት 11 ፍሬ የልብ ኪኒን ተርፎ አገኘሁ። አስራ አንድ!
ፈረድኩ። ያለፈ ፆም ቀዷ ይወጣለታል፤ ያለፈ ኪኒንም ይወጣለታል። ጧት የዕለቱ፣ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ቀዷው።
ሳቀች። «አንቱ፣ ኪኒንም ቀዷ አለው እንዴ? የትኛው ሼህ ነገሩዎ?»
ከኪኒኑ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ደርበው አይውሰዱ ይላል። አልደረብኩም፤ ለያየሁት። አርባ ዓመት ሞተር የፈታሁት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከመጽሐፍ አንብቤ ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት አታቅተኝም።

መጋቢት 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ቀዷ 5 ወጣ። 6 ቀረ።
ምግብ እምቢ ብላለች። ያቅለሸልሻታል። የዒዱ ሥጋ ነው አልኳት። ግድግዳው ቢጫ ሆነብኝ ትላለች። ነጭ አድርጌ የቀባሁት እኔ ነኝ! ተቆጣሁ።
የእጇን ምት በሰዓቴ ቆጠርኩ። ዝግ ብሏል። ጥሩ። ልቧ አረፈ። ቀዷው እየሠራ ነው።

መጋቢት 30፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ደሴ
ጧት ደጃፍ ላይ ወደቀች። ልጃችን ዘሐራ መኪና አመጣች። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እጇን ይዣለሁ። ምቷ ሁለት ይመታል፣ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ካንዴላው የሞተ ሞተር።
ሆስ. ስንደርስ ደረቷ ላይ ገመድ ለጣጠፉ። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ሲሰባበር አየሁ። ዶ/ሯ በዕድሜ ከዘሐራ ታንሳለች። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ነገሩን ሁሉ ቢጫ ያሳያል፣ የልብን ምት ያዛባል፣ ሊያቆመውም ይችላል አለች። ምን ያህል፣ ለስንት ቀን እንደተወሰደ ጠየቀች። እኔን ነው የምታየው።
ይህ ደብተር ኪሴ ውስጥ ነበር።
ፋጡማ ካልጋዋ፣ «እኔ ነኝ የኔ ልጅ። አረጀሁ፤ ረስቼ ደገምኩት። አንድ ቀን ነው።»
ዘሐራ እያለቀሰች እናቷን ተቆጣቻት። ከእንግዲህ ኪኒኑን አባባ ይያዝልሽ አለች።
ኪኒኑን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ሚያዝያ 1፣ ጧት 3 ሰዓት፣ ሆስ. ኮሪደር
እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እህቴ ቤት አደርኩ። እንቅልፍ የለም።
ዶ/ሯ የአንድ ቀን ስህተት ከሆነ ፋጡማ ዛሬ ወደ ቤት ልትመለስ ትችላለች ብላለች። ምቷ ግን እየዘለለ ነው። ስድስት ቀን እንደሆነ የምናውቀው ፋጡማ፣ እኔና አንተ ነን፣ ደብተር።
አሁን ገብቼ ነበር። ልናገር መሆኔን ከፊቴ አወቀች። «ይተዉት አንቱ። በስተርጅና ሰው ፊት አይዋረዱ። ብሞትም አውፍ ብያለሁ።»
ይቅር በይኝ አላልኳትም! ማን ጠየቃት? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሊሞት አልጋ ላይ ተኝቶ የኔን ክብር ይጠብቃል።
በሕይወቴ ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም። ዛሬም አፌ እንደማይታዘዘኝ አውቃለሁ። አንተ ግን ሁሉንም ይዘሃል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን። በራሴ እጅ ጽሑፍ።
ዶ/ሯ ከክፍሉ እየወጣች ነው። ከመጋቢት 24 ጀምሮ ያለውን ገጽ ጫፉን አጥፌ ምልክት አድርጌበታለሁ። እጇ ላይ አኖርሃለሁ፤ ከፍታ ታንብብህ። ዘሐራ አጠገቧ ቆማለች። እሷም ትስማ።