ያንተ ነው የተባለው ዛፍ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስናወራ ጉሮሮህን አንቆ ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? በሰዓቱ ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ። የዛሬው መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ይገባሃል። እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ እንደ ድሮው ነው። እማዬም ደህና ናት። እኔም ስፌት ቤት ተጎልቼ የሰው ቀሚስ ሳጠብና ሳሰፋ እውላለሁ። ሰው መወፈሩንም መክሳቱንም አይነግረኝም፤ የሚያሳብቅበት ጨርቁ ነው።

ወሬውን ሳላዞር ልንገርህ፦ ዛፍህ ተቆረጠ። አይዞህ፣ ተረጋግተህ አንብበው። የሞተም የተጣላም ሰው የለም።

ልትሄድ ስትል ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የተከልከው ችግኝ ለእማዬ ምኗ እንደነበር ታውቃለህ። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ እሱን ታጠጣለች። አዲስ ቅጠል ካወጣ ልጄ ደህና አድሯል ትላለች፤ ከጠወለገ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቷን አጥቁራ ትውላለች። ልብ ብለህ ከሆነ በስልክ ስታገኝህ እንኳ እንዴት ነህ ብላህ አታውቅም። ዛፉ እንዴት እንዳበበ ትነግርሃለች፣ አንተ እሰይ ትላለህ፣ በዚያው ስልኩ ይዘጋል።

ደግሞ ማበቡን ያውቅበት ነበር! ገና ጨቅላ ሳለ ጣራውን አልፎ ሄደ። አንዱ ቅጠሉ ብቻ ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ይሆናል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ቅጠሉን ሳይጠብቅ ቀድሞ የሚፈነዳ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። እማዬም ያደነቀላትን ሰው ባዶ እጁን አትሸኝም። ከሥሩ የፈላውን እየነቀለች በወተት ጣሳ ታድላለች፣ የልጄ ነው እያለች። አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ጣሳ፣ ቤት የቀየረ እንኳን ደስ ያለህ ልትል ስትሄድ ጣሳ። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰፈሩን ሁሉ አንተን አስተከለችው።

ጉዱ የመጣው ከዘሩ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይሰነጠቅና አቧራ የሚያክል ዘር ለነፋስ ይሰጣል። አሸንዳችን ውስጥ በቀለ፣ በቦዩ ስንጥቅ በቀለ፣ ስፌት ቤቱ ደጃፍ በደረጃው መሃል ሳይቀር ብቅ አለ። የባሰው ግን ከአጥራችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ባለው የእትዬ ካሮት የአትክልት መደብ ላይ ነው። መቼም እትዬ ካሮት ያልካት አንተ ነህ፤ ይኸው ዛሬ የልጅ ልጆቿ እንኳ እንዲያ ነው የሚጠሯት። ከዚያች መደብ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት ታውቃለህ። ትነቅለዋለች፣ ይበቅላል። ትቆርጠዋለች፣ አንዱ ብዙ ሆኖ ይመጣባታል። ጥላው ደግሞ ጎመኑንም ሰላጣውንም አቀጨጨባት።

እሷ እንደሆነች ነገር በሆዷ ይዛ የምታድር ሴት ናት፣ ለእማዬ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ጋ የመጣችው ቀሚሷን ልታስጠብብ ነው። ወገቧ ላይ የተረፈውን ጨርቅ በመርፌ ስይዘው አንድ እፍኝ ሞላ፤ ምን ያህል እንደከሳች ያኔ ገባኝ። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጎተጉታት፣ መደቧን ትታ ልጇ ዘንድ ልትገባ እንዳሰበች ነገረችኝ። ታዲያ ዛፉ ይቆረጥ ለምን አላልሽም አልኳት። የሰው ልጅ እኮ ነው፣ እንዴት ብዬ ቁረጡት እላለሁ አለችኝ። የሰው ልጅ ያለችው ዛፉን ነው።

ነገሩን ቤት ይዤው ገባሁ። እማዬ ቅርንጫፉ ይከርከም እንጂ ግንዱ አይነካም አለች፤ ልጄ በሕይወት እያለ እሱን የሚጥል ካለ መጀመሪያ እኔን ይጣል አለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብላት አልሰማችኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብላት፣ ሩቅ የምትዪው እኮ ልጄ ነው ብላ ጭራሽ እኔኑ አስለቀሰችኝ።

አባዬ ሰሞኑን ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ከረመ። አንድ ጠዋት እማዬ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ተከትሏት ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ እሰማለሁ። ለካ አንተ የተከልከው ዛፍ ይኼ አይደለም! በሄድክ በዓመቱ እማዬ እኔን ይዛ አክስታችንን ልታስታምም ሄዳ በከረመችበት ጊዜ፣ የጎረቤት ፍየል ገብታ ችግኝህን ከነግንዱ ቀርጥፋ በላችው። አባዬ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሮጦ፣ ምንነቱን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ቶሎ የሚያድገውን ስጠኝ አለ። ሰውዬው ይኼ አንዴ ከገባ መውጫ አያውቅም፣ አስብበት ብሎት ነበር። አባዬ እኔም የምፈልገው የማይሞተውን ነው ብሎ ይዞት መጣ።

አስበው እንግዲህ፣ ያንተ ችግኝ ቅጠሉ ጥፍር ነበር የሚያክለው፤ ይኼኛው ጃንጥላ ነው። አባዬ ግን ስንመለስ መሬቱ ተስማምቶት ነው አለን፤ እኔ ሞኟ አመንኩት፣ እማዬም ያመነችው መስሎት ይኼን ሁሉ ዘመን ኖረ።

እማዬ ባልዲዋን አስቀመጠች። እኔ የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከት ብላ ሳቀች። ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ አለችው። በእጄ ያጠጣሁትን ቅጠል የምስት ይመስልሃል? እኔ እንዳላዝን ብለህ ሮጠህ ያመጣኸውን፣ ይኼ አይደለም ብዬ ላሳፍርህ ነው እንዴ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ሳጠጣው ሳጠጣው ደግሞ የእውነት ልጄ ሆነ አለችው። አባዬ መሬት መሬቱን አየ፣ ቀጥሎ እሱም ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁለቱም በአንድ መሀረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። መቼም አንተም በፎቶ ስታየው ገብቶህ ዝም ብለህ ይሆናል። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዝምታ ይችልበታል።

ከዚያ እማዬ በነጠላ ጫማዋ የጓሮውን በር ከፍታ ወደ መደቡ ወረደች። እትዬ ካሮት በጉልበቷ ተንበርክካ እየነቀለች ነበር። የነቀለቻቸውን ግን አልጣለቻቸውም። አጥሩ ጥግ በጥላው በኩል ደርድራ፣ ሥራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና አስቀምጣቸዋለች። እማዬ ምን ልታደርጊያቸው ነው ብትላት፣ እኔ እንጃ፣ መጣሉ እጄን እንቢ ቢለኝ ነው አለቻት። እማዬ አጠገቧ ቁጭ አለችና አብራት መንቀል ጀመረች። ስትመለስ ያለችን ዛፍ ቆራጩን ጥሩት ብቻ ነው።

ዛፍ ቆራጩ ግንዱን ጥሎ ከሄደ በኋላ ሥሩን እኔና አባዬ ስንቆፍር ከረምን፤ ትንሽ ከቀረ ይመለሳልና። እማዬ ደግሞ ጣሳ ያደለቻቸውን ቤቶች እየዞረች ልጄን መልሱልኝ ትላለች። የሚስቅ አለ፣ አበባውን ወዶ የሚያኮርፍ አለ፣ እሷ ግን ሳትይዝ አትመለስም። እትዬ ካሮት ልጄ ዘንድ እገባለሁ ማለቱን ትታለች፤ ያጠበብኩላትን ቀሚስ መልሰሽ የምታሰፊው አንቺው ነሽ ብላኛለች። የእማዬ መኝታ ቤት ፀሐይ ገባው፤ ግድግዳው ቀለም ከለቀቀ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ያየነው ገና አሁን ነው።

አብሮህ ለሚኖረው ለዚያ ለአንኮራፊው ጓደኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለአከራይህም እንደዚሁ። አባዬ ጉልበትህን ከብርድ ጠብቅ ይልሃል፣ የሁሉም ሰው በሽታ የእሱ ይመስለዋል። እትዬ ካሮት ስም አውጪዬ እንዴት ነው ብላ ትስምሃለች። እኔም ናፍቀኸኛል፣ በጣም ናፍቀኸኛል።

እማዬ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ የምልሽን ሳትጨምሪ ጻፊ ትለኛለች። የምትልህ ይህንን ነው። ልጄ፣ እስከ ዛሬ ያንተን ደህንነት የምጠይቀው ዛፉን ነበር። እሱም ደህና ነው ይለኝ ነበር፤ የማጠጣው እኔው ነኛ። አሁን ከአንተ በቀር የምጠይቀው የለኝም። እማዬ እንዳታዝን ብለህ እንደ አባትህ ሌላ ቅጠል እንዳታሳየኝ። ያለኸውን ሁኔታ እንዳለ ንገረኝ። እንዴት ነህ?

እህትህ
ከእማዬ መስኮት ሥር፣ ዛፉ በተቆረጠ በሦስተኛው እሁድ