የጆንያው ማሰሪያ ሽቦ

የካቲት 21

ጠዋት ጆንያውን ከአሮጊቷ መኪናዬ ፊት አነሳሁ። ብርዱ ረገብ ብሏል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ራዲያተሯን ሸፍኖላት ነው የከረመው። ደባርቅ ላይ እንዲህ ካላደረጉ ሞተር እስኪሞቅ እኩለ ቀን ይሆናል። ያሰርኩበት ሽቦ ዝጎ አልፈታ አለኝ። በፒንሳ ቆረጥኩት። ቁራጩን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ወረወርኩት። እኔ መቼ የሚጣል ነገር ጥዬ አውቃለሁ? «ያንተ መኪና የቁርጥራጭ ብረት መጋዘን ነው» ትላለች አበባ። ባለቤቴ ስለሆነች ዝም እላለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው አሮጊቷ። ከኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደሚቆም እንጃ።

የካቲት 28

ሁለት እንግዶች ይዤ ወደ ዛሪማ ወረድኩ። ሊማሊሞን ጨርሰን ቆላው ሲቀበለን ኤሲውን ከፈትኩ... ትኩስ። አፉን የከፈተ ምድጃ። ቀነስኩት፣ ጨመርኩት፣ ዳሽቦርዱን መታሁት። (በመምታት የተሠራ ነገር አይቼ አላውቅም። ግን እመታለሁ።) የግራ የኋላ መስታወት ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል፣ አይወርድም። እዚያ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ ዛሪማ በኮፍያው ሲያራግብ ቆየ።

የካቲት 30

ጋሽ ቢራራ ጋ ወሰድኳት። ሌላ ማን ጋ ልወስዳት? የአባቴ ጓደኛ ናቸው። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው። በጊዮርጊስ ማኅበራችንም ከጎኔ የሚቀመጡ እሳቸው።

የሳሙና አረፋ በጥብጠው ቱቦውን ሁሉ በብሩሽ ቀቡ። አጎንብሰው ጆሯቸውን አስጠጉ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ኮምፕሬሰሩ አንገት ላይ ትንሽ አረፋ ኩፍ አለች። ጎሚኒዋን፣ ያቺን የላስቲክ ቀለበት፣ ቀየሩ፣ የኤሲውን ጋዝ ሞሉ። ቀዘቀዘ!

«ጋዝ እንዲሁ አይጠፋም የሺዋስ። መውጫ አለው። ያገኘሁት ይህን ነው፣ ሌላም ይኖር ይሆናል። ደከም ስትልብህ ቶሎ አምጣልኝ፣ እንዳትቆይ።»

እሺ አልኩ።

መጋቢት 9

ኤሲው ትንሽ የደከመ መሰለኝ... ወይስ ቀኑ ነው የሞቀ? ጋሽ ቢራራ ጋ ብቅ ልበል። ነገ።

መጋቢት 14



የአበባን እናት እማማ አረጋሽን ከዛሪማ ላመጣቸው ሄጄ ነበር። ፋሲካን እኛ ጋ እንዲውሉ። ኤሲው ጭራሽ ሞቷል። አቧራው አያድርስ፣ መስኮት አይከፈት። እማማ አረጋሽ ያቺ መስታወቷ የማይወርድ በር ጋ ተቀምጠዋል። ሊማሊሞን ሳናጋምስ ስጠራቸው መልስ የለም። ዘወር ስል አንገታቸው ወድቋል። ቆምኩ። ውኃ አፈሰስኩባቸው። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም፣ ደባርቅ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ደህና ናቸው። ግሉኮስ ተደርጎላቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

ከዚያ ቀጥ ብዬ መናኸሪያ። ጋሽ ቢራራ አንድ ሚኒባስ ሥር ተኝተው ይሠራሉ። ሾፌሩ ሁሉ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ቆሟል። እግራቸውን ሳይ ደሜ ፈላ።

«ውጣ! አንተ ሌባ! ባዶ ንፋስ ሞልተህ ነው የሰደድከኝ! ሰው ልታስገድለኝ!»

አንተ አልኳቸው። እኔ... ጋሽ ቢራራን።

ከመኪናው ሥር ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እማማ አረጋሽ ደህና ናቸው?» አሉ። ሌላ ምንም። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሄድኩ።

መጋቢት 15

ትክክል ነበርኩ። ጋዙ የት ሄደ ታዲያ? ማንም ቢሆን እንደኔ ይቆጣ ነበር። ትክክል ነበርኩ።

መጋቢት 18

እማማ አረጋሽ ዛሬ በረንዳ ላይ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ስለ ኤሲው ይቅርታ ስላቸው ሳቁብኝ።

«የምን ኤሲ ልጄ? ሙቀቱማ ተወልጄበታለሁ። ጹሜ ነበር። ከማታ ጀምሮ ውኃ ባፌ አልዞረም። ቄሱ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ አትጹሚ ብለውኝ እንቢ ያልሁ እኔው ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለአበባ እንዳትነግርብኝ» አሉ።

ቢሆንም... ጋዙስ? ጋዙ ባዶ ነበር አይደል? እንደዚያ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ።

መጋቢት 20

ጎንደር ወሰድኳት። ጋራዡን የጠቆመኝ ሰው «ልጅቷን ጠይቅ» ብሎኝ ነበር። ሊድያ ትባላለች። ቱታዋ ከሷ ይሰፋል። ጋዙ ውስጥ ቀለም ጨመረችና ሞተሩን አስነስታ አቆየችው። ከዚያ ጨለማ ቦታ አስገብታ እስክሪፕቶ የምታህል መብራት እያበራች ፈለገች። ራዲያተሩ ፊት ባለው የጋዝ ማቀዝቀዣ፣ ኮንደንሰሩ ላይ፣ ከጥግ በኩል፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በራች። የድመት ዓይን።

«ወንድም፣ እዚህ ጋ ምን ታስሮበት ነበር? ሽቦ ነው የበላው። መንገዱ ሲንጣት እያሸ እያሸ ቱቦውን ሸርሽሮታል።»

«እንጃ፣ ሳልገዛት በፊት ይሆናል» አልኩ።

ከገዛኋት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

«ቀደም ብሎ ያየልህ ሰው በአረፋ ፈልጎ አጥቶት ይሆናል አይደል? አይፈረድበትም። ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይከፈታል፣ መኪናው ሲቆም ይገጥማል። እኔም በአረፋ ብፈልግ አልፈው ነበር።»

አስበየደችው፣ ጋዝ ሞላች። ስመለስ ኮሶዬ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ኤሲውን ከፈትኩት። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ነፋብኝ። አልዘጋሁትም። ዳባት ስደርስ ዳሽቦርዱን ከፍቼ አየሁ... ሽቦው አለ። የታጠፈበት ቦታ እንኳ ከቱቦው ጋር ልክ ነው።

መጋቢት 21

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያ ገና ሳልቆም ተራ አስከባሪው ያርጋል እጁን መስኮት አስገብቶ ኤሲውን ዳሰሰ።

«በረዶ! ጎንደር በአንድ ቀን! አየህ፣ ቢራራ ሲበላህ ነው የኖረ።»

ሾፌሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እኔም ከእንግዲህ ዳባት ካለው መካኒክ ጋ ነው የማሠራው» አለ።

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት። ያሠራሁት መኪና መሰከረባቸው። እኔ ደግሞ መኪናውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

መጋቢት 23

የማኅበር ቀን። ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ የለኝም። ከከተማ ወጣ ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ ዋልኩ።

ማታ አበባ ነገረችኝ። ጋሽ ቢራራ መጥተው ነበር አሉ። ጽዋው ሲደርሳቸው፣ «ከአንድ ወንድሜ ጋር ተቀያይሜያለሁ፣ አልጠጣም» ብለው ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት። የማንንም ስም አልጠሩም።

«ምንድን ነው ግን ያጣላችሁ? ያ የኤሲው ነገር አላለቀም?» አለችኝ።

አልቋል አልኳት።

ሚያዝያ 2፣ ስቅለት

ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ሲያበቃ ከቄሶቹ ፊት ተሰለፍን። ቄስ ሃብተ ሚካኤል ወይራውን ይዘው ጎንበስ አሉልኝ።

«ምን አጠፋህ?»

አሁን ልናገር... ከኋላዬ ያርጋል ቆሟል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው።

«በጾም ወተት ጠጣሁ» አልኩ።

በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝና አርባ ስግደት አዘዙኝ። ወተት አልጠጣሁም። ጾሜን አንድ ቀን አልሻርኩም። ላልሠራሁት ኃጢአት አርባውንም ሰገድኩ። የሠራሁትን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። በስቅለት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋሸሁ። ከዚህ በታች ምን አለ?

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ዶሮው ጥሩ ነበር። አልወረደልኝም።

ሚያዝያ 9

በጋሽ ቢራራ ጋራዥ አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድም መኪና የለም። ግቢውን እየጠረጉ ነው... የተጠረገ ግቢ። ጋራዥ መቼ ይጠረጋል?

የጋዝ መሙያቸውን ከነመለኪያው ዳባት ላለው መካኒክ ለክንዴ ሸጡለት አሉ። የሚያስሞላ ሰው ከጠፋ ለምን ይቀመጣል? ያንን መለኪያ ያመጡ ቀን እኔ ነበርኩ የተሸከምኩላቸው። እንደ ሙሽራ ልብስ በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡት።

ሚያዝያ 12

ሄድኩ። ቤታቸው። ሽቦውን በኪሴ ይዤ።

ቁጭ በል እንኳ ሳይሉኝ አወጣሁና ሰጠኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆንያውን፣ ሊድያ ያለችውን፣ መናኸሪያ ዝም ማለቴን፣ ወተቱን ሳይቀር። ሽቦውን ወደ ብርሃን አስጠግተው የታጠፈበትን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ሳላየው...» አሉ ለራሳቸው። የተቀየሙት አረፋው ያልነገራቸውን እንጂ እኔን አይመስልም።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙ።

«ተው። የተሰደብሁት እዚህ ነው? መናኸሪያ ነው። እዚህ ሚስቴ ብቻ ናት፣ እሷ ድሮም ሌባ ብላኝ አታውቅም።»

ሽቦውን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት።

ሚያዝያ 13

መናኸሪያ ሄድኩ። ሰው በዝቶ ነበር። ተመለስኩ።

ሚያዝያ 14

መናኸሪያ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ተመለስኩ። ፈሪ።

ሚያዝያ 15

ተናገርኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚኒባሶቹ ተራ ሲይዙ። ያርጋልን ጠራሁት፣ ሾፌሮቹም ጠጋ አሉ። መጀመሪያ የተናገርኩትን ማንም አልሰማም። ደገምኩት። «ጋሽ ቢራራ ሌባ አይደሉም። ጋዙን በትክክል ሞልተውልኛል። ቱቦውን የበሳሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ።» ሽቦውን ወደ ላይ አነሳሁት። በብርድ ጊዜ እንዴት እንዳሰርኩት አሳየኋቸው። ሁሉም ያስራልና ሁሉም ገባው። አንዱ ሮጦ የራሱን ኮፈን ከፍቶ አየ። ሳቁ።

ያርጋል ግን አልሳቀም።

«መቼ ነው ያወቅህ?»

«ጎንደር የሄድኩ ቀን።»

«እና ይህን ሁሉ ቀን እኔ ሰውዬውን ሳማ አጠገቤ ቆመህ ትሰማለህ?»

ሽቦውን ኪሴ ከተትኩ። ጋሽ ቢራራ ከማዶ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰምተዋል። ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ሚያዝያ 23

ማኅበር። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ እንደ ልማዱ፣ «በመካከላችን የተቀያየመ አለ?» አሉ። ቤቱ ሁሉ እኔን አየ።

«የለም» አሉ ጋሽ ቢራራ። ጽዋውን ጠጡና አቀበሉኝ። ስቀበል እጃቸውን አየሁ። ጥፍራቸው ሥር ግሪስ የለም። ንጹሕ። የካህን እጅ መስሏል።

ስንወጣ ደፈር ብዬ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ የአሮጊቷ የሞተር ቺንጋ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ነው። ላምጣት?»

«ጎንደር ውሰዳት» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። «ጥሩ ይሠራሉ እዚያ።»

እግዜር ፊት ታርቀናል። እጃቸው ግን አልታረቀኝም። ይገባኛል። ጎንደር ግን አልወስዳትም። ትጩህ።

ግንቦት 20

ክንዴ ጋ ዳባት ሄጄ ነበር። መለኪያውን ይመልስላቸው እንደሆነ ለመጠየቅ። «ገዝቻለሁ፣ ልጄን ሥራ አስጀምሬበታለሁ» አለኝ። ምን ልበል? አሁን ደባርቅ ውስጥ የመኪና ኤሲ የሚሞላ የለም። ሁለት ሾፌሮች ወደ ጋሽ ቢራራ ተመልሰዋል፣ ለፍሬን፣ ለባትሪ። ሁለት ብቻ። ሌሎቹ ዳባትን ለምደዋል።

ሰኔ 23

ጭጋጉ ወርዶ ከተማውን ዋጠው። ብርዱ የታኅሣሥን ያህል ነው። ጆንያውን ከጋቢናው ኋላ አጥፌ አስቀምጫለሁ፣ ግን አላስርም። እጄ ይፈራል። ጠዋት ሞተሩ አልሞቅ ብሎ ቺንጋው እየጮኸ ማኅበሩ ቤት ደረስኩ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መልስ ሰጠኝ።

ጋሽ ቢራራ ከጽዋው በኋላ ቀድመው ወጡ። እኔ ዕቃ ሳነሳሳ ቆየሁ። ስወጣ አሮጊቷ ጆንያዋን ለብሳ ቆማለች።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ሽቦ የለም። ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቀጭን ገመድ ነው የታሰረው፣ በአራት ማዕዘን። ቱቦው በሚያልፍበት በኩል ጨርቅ ታጥፎ ገብቷል። እጅ የሚጠርጉበት ጨርቅ። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ ያስተማሩኝ ነው።

ጋሽ ቢራራ ዝናቡ ውስጥ ጃንጥላቸውን ይዘው ታች ደርሰዋል። ደረስኩባቸውና በሩን ከፈትኩ። ገቡ። እስከ ቤታቸው ቀስ ብዬ ነዳሁ። ላመሰግናቸው ፈለግሁ፣ አለቅሳለሁ ብዬ ተውኩት። ቺንጋው ብቻ ይጮኻል።

ሲወርዱ በሩን እንደያዙ ቆም አሉ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረጉ።

«ይህ ሁሉ ጩኸት ሳለ ሁለት ወር ነዳሃት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ነገ ጠዋት አምጣት» አሉና ዘጉት።

አበባ ምን ሆነህ ነው ዓይንህ የቀላ ትለኛለች። ጭሱ ነው አልኳት። ሽቦው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፣ አልጣልኩትም፣ አልጥለውምም። ነገ በአንድ ሰዓት እዚያ ነኝ።