ሥዕሎችህን ለጠፍኳቸው

አዋሳ፣ አዲስ ከተማ
መስከረም 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ፣ አንዳንዴም ለምቆጣህ ባለቤቴ ለማቴዎስ፤

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ በቸርነቱ አለን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ልጃችን ጽጌሬዳም አለች፣ በቁመት በልጣኛለች። ነገ ማለዳ ሙህዲን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ሞያሌ ይነሳል፤ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ እንጂ በፖስታ አልልክም። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። የሚስቴ ጽሕፈት ነው ብለህ በመጽሐፍ ቅዱስህ መካከል እንዳታስቀምጠው። ወረቀት መጣል እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፤ የዛሬውን ግን ለእኔ ስትል አቃጥለው።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጽጌሬዳ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወጣቶች ማኅበር አዳራሽ ናት። ዛሬ የሂስና የግለሂስ ቀን ነው፤ ቆማ ጥፋቷን የምትናገረውም እሷ ናት። ምን እንደምትናገር አላውቅም። አንድ ቃል ቢያመልጣት የሚታሰረው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ነፋሱ የቆርቆሮውን በር ባንኳኳው ቁጥር እስክሪብቶዬን ጥዬ እነሳለሁ፤ ጽሕፈቴ ከተበላሸብህ በዚህ ምክንያት ነው።

በሰኔ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ እኛ አራት መስመር፣ ስለ ዕፅዋት ሥዕሎቹ አንድ ገጽ ተኩል። እርጥበት ነክቷቸው እንደሆነ፣ ብል ገብቶባቸው እንደሆነ፣ ከፍራሹ ሥር በካርቶን መካከል እንደተኙ እንደሆነ ጠይቀሃል። እስኪ መጀመሪያ ተቀመጥ። ሥዕሎችህን ለጠፍኳቸው፣ ማቴዎስ። አርባ ስድስቱንም፣ በዱቄት ሙጫ፣ ኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ።

እንዴት እንደሰበሰብካቸው አልረሳሁም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ አሮጊቷ የሚሲዮን ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ ሰጠችህ። የቀሩትን ያገኘኸው ፒያሳ፣ ሙህዲን ሱቅ ነው። የተወረሰው አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ በኪሎ ተሸጦ መጠቅለያ በሆነበት ጊዜ፣ ሥዕል ያለበት ገጽ ተራው እስኪደርስ ሩብ ሩብ ኪሎ ስኳር ስትገዛ ትውል ነበር። በዚያ ዓመት ሻያችን ማር ነበር የሚመስለው። ሙህዲን እስከ ዛሬ ያነሳዋል፤ «አቶ ማቴዎስ ስኳር ወዳጅ መስሎኝ ስንት ጊዜ መረቅኩት» እያለ። አንተ ግን በመዳብ ተቀርጸው ታትመው በሰው እጅ የተቀቡ፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው ናቸው እያልክ እኔን በቅቤ እጄ አታስነካኝም ነበር። እኔ ኮሶን በልጅነቴ ጠጥቼዋለሁና በሥዕል የሚያስወድደው ነገር አልገባኝም። ከሄድክ በኋላ ነው የገባኝ። እሑድ እሑድ እጄን ታጥቤ የተልባውን አበባ አውጥቼ አየው ነበር።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እንደምንሰበሰብ ታውቃለህ። ከሄድክ በሁለተኛው ዓመት የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ኩማ መጡ። «ታቢታ፣ ማን እንደተጠመቀ፣ ማን ከማን እንደተጋባ ይጻፍ። እኛ ብናልፍ እንኳ በሩ ሲከፈት ልጆቹ መዝገብ ይኑራቸው» አሉኝ። እኔ በቡሹሎ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የበሽተኛ ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ደብተር ግን ቤት ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚገለጠው ነገር ነው። የዕፅዋት ሥዕል ጀርባ ማን ያያል ብዬ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ ሥዕሎችህ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። በጉሎው ጀርባ የአዲስ ከተማዎቹን፣ በዝንጅብሉ ጀርባ የቡሹሎዎቹን፣ እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አንዱን ሞላሁ። ያንተን ስም አልጻፍኩም። የሄደ ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል ብዬ ነበር። ንዴት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጽጌሬዳ ይህን አታውቅም ነበር። ባለፈው ነሐሴ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ «እኛ ቤት የመድኃኒት ዕፅዋት ሥዕል አለ» ብላ ለኮሚቴው ተናገረች። በክፋት አይምሰልህ። አባቷ ኮብልሏል እየተባለች አራት ዓመት ስትሸማቀቅ የኖረች ልጅ ናት፤ አንድ ቀን በቤቷ ባለ ነገር መኩራት አማራት። ቡልጋሪያ ሄደው እንዲማሩ ከታጩት አምስት ልጆችም አንዷ ነበረች፤ ስሟ በመልካም እንዲነሳ ፈለገች።

በማግሥቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደበሌ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። አናጺ ስለነበረ ግን ሁሉን ነገር ገልብጦ ማየት ይወዳል፤ ወንበር ስሰጠው እንኳ ሥሩን አይቶ ነው የተቀመጠው። ያን ቀን ግን ቸኩሎ፣ ሥዕሎቹን ሳይገለብጥ አንድ በአንድ ቆጥሮ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበና የተልባውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ጓድ ታቢታ፣ ይህ የሕዝብ ሀብት ነው» አለ። «አዳራሹ ውስጥ ገመድ እንዘረጋና በልብስ መቆንጠጫ እናንጠለጥላቸዋለን። ሰዉ ቀረብ ብሎ፣ በእጁ ይዞ እንዲያያቸው።»

ነፋሱ ገና ሳይነፍስ ሁሉም ሲገለበጡ ታየኝ። «ገመድ አይሆንም» አልኩት፤ ድምፄን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ነው። «በመስኮት የሚገባው የሐይቁ ነፋስ በአንድ ቀን ይቀዳድዳቸዋል። ሰሌዳ ላይ ጥብቅ ብለው ይለጠፉ።»

«አይበላሹም?»

«ሕዝብ ካላያቸው ደህና ቢሆኑ ምን ይሠራሉ?»

ደበሌ ደስ አለው። «ንቃትሽ ከፍ ብሏል፣ ጓድ ታቢታ» አለኝ። ሰሌዳውን እልካለሁ፣ እዚሁ ለጥፊው ብሎ ሄደ። እኔም ለአራት ዓመት ስጠብቃቸው የኖርኩትን በራሴ አፍ ፈረድኩባቸው።

ለምን አላጠፋሽውም ትለኝ ይሆናል። በላጲስ ሞክሬ ነበር። አሮጌው ወረቀት ይላጣል፤ የእርሳሱ አሻራ ደግሞ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ይነበባል። ልደብቃቸው ወይም ላቃጥላቸው ብል ተቆጥረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ዱቄቱን አፍልቼ ተቀመጥኩ። ጽጌሬዳ የሰልፍ ልምምድ ላይ ነው የምትውለው ብዬ ያችን ቀን መምረጤ ነበር። ዝናብ መጣና ልምምዱ ተበተነ። ስድስተኛውን ስለጥፍ ገባች። «ላግዝሽ» ብላ፣ ሂጂ ሳልላት የዝንጅብሉን አንስታ ገለበጠችው። ለካ ሙጫ የሚቀባው ጀርባው ላይ ነው። ያን ያህል ቀን ስፈራ ይህችን አላሰብኳትም ነበር።

ቆማ አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በዚያ ገጽ የጓደኛዋ የሮማን ስም ከእናትና አባቷ ጋር አለ፤ በማኅበሩ ሰልፍ ላይ ከጎኗ የምትቆመው ሮማን ናት። ልቀማት እጄን ዘረጋሁ። ጽጌሬዳ ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ነከረችና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በስሞቹ ላይ ቀስ ብላ ቀባች።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ሙጫው ሳስቷል። ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ጨመርኩላት። የቀሩትን አርባ ሥዕሎች አብረን ለጠፍን። የስሞቹን ነገር ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም አላነሳነውም። እኔ ልጠይቃት እፈራለሁ፤ እሷ ደግሞ የፈራሁትን ታውቃለች መሰለኝ።

ኤግዚቢሽኑ አማረ፣ ውሸት አልነግርህም። የቡሹሎ እናቶች ከጤና አዳሟ ሥዕል ፊት ቆመው «ይቺ የኛዋ አይደለችም፤ የኛዋ ቅጠሏ ይደቅቃል» እያሉ ከሥዕሉ ጋር ሲከራከሩ ብታይ ደስ ይልህ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በመጨረሻው ሳምንት ከወዳጅ አገር የመጣ አንድ የእርሻ ባለሙያ ሊጎበኝ ገባ። መነጽሩን ጠርጎ ሁለት ጊዜ ዞራቸው። በአስተርጓሚ እንዲህ አለ፦ «እነዚህ ብርቅ ናቸው፣ መለጠፋቸው ጥፋት ነው። የዱቄት ሙጫ ግን በለብ ያለ ውሃ ይለቃል። አንድ በአንድ አላቅቄ ጀርባቸውን አጸዳለሁ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው በክብር ይቀመጡ።» ያንተ ቢጤ ሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እራት እጋብዘው ነበር። ሥራው ሰኞ እንዲጀመር ተወሰነ።

ያለፈው ቅዳሜ ማታ ስንበላ ዓይኗን ሳላይ «ሰኞ ሊያላቅቋቸው ነው አሉ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች።

እሑድ የአዳራሹ ጥበቃ ተራ የእሷ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሲከፈት አርባ ስድስቱም ቫርኒሽ ተቀብተዋል፤ ከደበሌ የአናጺ ዕቃ መካከል ባለው ቫርኒሽ፣ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ። ወረቀቱን አልፎ ከእንጨቱ ጋር አጣብቋቸዋል። የተልባው ሰማያዊ አበባ የተቃጠለ ቅቤ መስሏል። ባለሙያው አንዱን ጥግ በቢላ ቢሞክር ከነሥዕሉ ተፈረፈረ፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆመ አሉ። ማን ነው ሲባል ጽጌሬዳ እጇን አነሳች። «ለእንግዶች እንዲያበሩ ብዬ ነው» አለች።

ደበሌ አላመናትም። «ልጅ ከመሬት ተነስታ እንዲህ አትሠራም። ማን አዘዘሽ? እናትሽ ናት?» ብሎ ሁለት ቀን ጠየቃት። መልሱ ለዛሬ ተቀጠረ። ትናንት አቶ ኩማ መጥተው ነበር። ልጅቷን እንለምናት ይሆን አልኳቸው። «ተይ፣ እስካሁን ያደረገችውን ማን ለምኗት ነው» አሉኝ። ስማቸው ከተጻፈው አንዳንዶች ወደ ገጠር ዘመዶቻቸው ሄደዋል። እኔ ግን የት እሄዳለሁ? ተመልሳ የምትመጣው እዚህ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አልመጣችም። ምስር ለቅሜ ጨረስኩና የለቀምኩትን እንደገና ለቀምኩት። እጸልያለሁ፣ ጸሎቴ ግን መካከል ላይ ይጠፋብኛል። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ማቴዎስ። ትልልቅ ወንዶች በዚያ አዳራሽ ቆመው ሲያለቅሱ ሰምተናል። ያንን ዝርዝር ስጽፍ ሸክሙ አንድ ቀን በእሷ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ማንም አያስተባብለኝም።

መጣች።

እየበላች ነው፤ እኔ ከፊቷ ሆኜ እጽፋለሁ። ስትገባ «ራበኝ» ብቻ ነው ያለችው። ሁለት ጉርሻ እስክትውጥ ታገሥኩ።

«ምን አልሻቸው?»

«እንዲያምሩ ብዬ ነው አልኩ። ሳላማክር በራሴ ፈቃድ ሠራሁ፣ ግለኝነት አጥቅቶኛል አልኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» ብላ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። «ሮማን ተነስታ ታይታ ትወዳለች ብላ ሂስ አደረገችኝ። ጓድ ደበሌ መጀመሪያ አላመነኝም ነበር፤ እሷ ስትናገር ግን አመነ። ከቡልጋሪያው ዝርዝር ሰረዙኝ። በእኔ ቦታ ሮማንን አስገቡ።»

ስሟን በሙጫ እንደሸፈነችላት ለሮማን አልነገረቻትም፤ አትነግራትምም። ወጥ ጨመርኩላት። ወደ ወረቀቱ በአገጯ አመለከተች።

«ለማን ነው?»

«ለአባትሽ።»

አራት ዓመት ስምህን በዚህ ቤት አንስታ አታውቅም። ሳህኗን ጠረገች። ከዚያ «ሥዕሎቹን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ጻፊለት። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ በይው፤ በአንቺ እንዳይቆጣ» አለችኝ።

ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ ያሳደግኳት ልጅ ይኸው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዋሸችልኝ፤ እኔም አልገሠጽኳት። ለእሷ መጻፍህ ካልቀረ፣ ማቴዎስ፣ ስለ ወረቀት አንዲት ቃል እንዳታነሳ። ምን ትወጃለሽ፣ ማን ጓደኛሽ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብለህ ጠይቃት። እኔ ደህና ነኝ፤ ለእኔ የምትጽፈውን አራት መስመር ለእሷ ጨምርላት።

የበተነን እርሱ ይሰብስበን። በሰው አገር ስትወጣና ስትገባ መላእክቱ አይለዩህ፤ ራብና ብርድ ደጅህን አይወቁት።

ሚስትህ
ታቢታ