የተበላው መለኪያ

ኅዳር 14 ቀን
ከመረብ ቤቱ

ይድረስ ለማስመሪያዬ፣

በዚህ ስም ስጠራሽ ፊትሽ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። ያን ዕለት ላሳፍርሽ ብዬ ያወጣሁልሽ ስም ነው፤ ዛሬ ግን በፍቅር ነው የምጠራሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ፣ ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ ምንም አልሆነም። እሷን በስልክ ስታነጋግሪያት እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የምሰማሽ። "ና አውራት" ስትለኝ "እጄ ሲባጎ ይዟል" እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሲባጎ መያዝ! በቀደም "በጥርስህ ያዘውና አውራት" ብላ ጮኸችብኝ። እሱንም አላደረግሁም። ስለዚህ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ እጽፍልሻለሁ።

ባሕሩን ከማዶዎቹ ጋር ተካፍለን እንደምንኖር ታውቂያለሽ። ዓሣው አነሰ በተባለ ቁጥር እኛ ማዶዎቹን፣ እነሱም እኛን ስንረግም ኖረናል። አሁን ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ከሩቅ አገር ባለሙያዎች አስመጥተዋል። በሁለቱም ዳርቻ መረብ ይለካል፣ ዓሣ ይቆጠራል። ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የማቀዝቀዣ ክፍል ተክለውልናል። ድሮ ገዢ ያላገኘው ዓሣ ሸቶ ይጣል ነበር፤ የተጣለውን ለማካካስም ጀልባው ሁለተኛ ይወጣ ነበር። አሁን ዓሣው ሦስት ቀን አድሮም ዛሬ የተያዘ ይመስላል። ድመቶቹ አኩርፈዋል እንጂ ሌላው ሰው ሁሉ መርቋቸዋል።

ከባለሙያዎቹ አንዷ አንቺ ካለሽበት አገር የመጣች፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ስብሰባም ቢሆን ቦቲ ጫማዋን ስለማታወልቅ ስሟን "ባለ ቦቲዋ" ብለነዋል። የመጀመሪያ ቀን ከአስተርጓሚ ጋር መረብ ቤት ስትመጣ መረብ እየቋጠርኩ ነበር። ቀና ብዬም አላየኋት። የተደፋ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። አስተርጓሚው ሊናገር ሲል በዓይኗ ገሠጸችው። ረድፉን ጨርሼ መርፌዬን እስካስቀምጥ ድረስ ትንፍሽ አላለችም። እንግዳ ሁሉ እላዬ ላይ እያወራ ቋጠሮዬን ሲያበላሽ የኖርኩ ሰው ነኝና ሴትዮዋን ያኔውኑ ወደድኳት።

ከዚያ መለኪያዬን ለማየት ጠየቀችኝ። የአባቴን እንጨት፣ ያንን የመረቡን ዓይን ስፋት የምለካበትን ሰጠኋት። በብረት መሣሪያዋ ያዘችው፤ አየችው፤ ደግማ አየችው። ከዚያ አስተርጓሚውን መኪና ውስጥ ያለ ነገር እንዲያመጣላት ላከችው። እሱ ሲወጣ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሰመረችልኝ። አንዱ እንጨቱ መሆን የነበረበት ስፋት ነው። ሁለተኛው አሁን ያለው ነው። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ያህል ጎድሏል። ለአርባ ዓመት ሲባጎው ሲፋተገው እንጨቱን በልቶታል፤ እንጨቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ የመረቤ ዓይን እየጠበበ መጥቷል። በዚህ ዳርቻ የእኔን መረብ ያልያዘ ጀልባ የለም፣ ልጄ። ገና አንዴ እንኳ ያልወለዱትን ዓሣዎች ስንለቅም የኖርነው በእኔ እጅ ሥራ ነው።

አስተርጓሚው ሲመለስ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ስለ አየሩ ጠየቀችኝና ወጣች።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሞልተው በተቀመጡበት፣ የትምህርት ቤት ማስመሪያሽን እንጨቱ ላይ አጋድመሽ "አባዬ፣ ይኼ እንጨት እኮ ተበልቷል" ያልሽኝ። "ያሳደገሽ እንጨት ነው! አንቺ ማስመሪያ!" አልኩሽ። ሰዉ ሁሉ ሳቀብሽ። ለትምህርት ስትሄጂም ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ።

በሳምንቱ ማዶዎቹ በጀልባ መጡና በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሁለቱም ወገን በአንድ ልክ መረብ ሊሠራ፣ መረቡም ትንንሾቹ የሚያመልጡበት መስኮት ሊኖረው ነው የሚፈረመው። ሊቀመንበራችንን ጡሩንባን ታውቂው የለ? ተነሥቶ "ሌቦቹ ጥፋታቸውን ሳያምኑ አንፈርምም!" አለ። ማዶዎቹ ወንበራቸውን ገፍተው ብድግ አሉ። አንዴ ከወጡ እንደማይመለሱ ሁላችንም ገብቶናል። ባለ ቦቲዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ያቺ ወረቀት ኪሷ ውስጥ ናት። ብታወጣት ነገሩ ያልቅ ነበር፤ አላወጣቻትም።

ተነሣሁ። "ዓሣውን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አልኩና እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጡሩንባ ተመልሶ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሌባ ስለው የኖርኩት የማዶው መረብ ሠሪ መጣና እንጨቱን አገላበጠው። የራሱን መለኪያ ከኪሱ አወጣ፤ ብረት ነው። ባለ ቦቲዋ ለካችው፤ ልክ ነው፣ ቅንጣት አልጎደለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ይቅር በለኝ" አልኩት።

"የኔ ብልህነት አይደለም" አለኝ። "ወንድሜ ብረት ቀጥቃጭ ሆኖ ነው። እንጨት ቢሰጠኝ ኖሮ እኔም እንዳንተ ነበርኩ።"

ተፈረመ። አሁን ማክሰኞና ዓርብ እየተሻገረ ይመጣል፤ አብረን መስኮቶቹን እንቋጥራለን። የእጁን ፍጥነት ብታዪ! የሚያሳዝነው ቀልድ አይችልም፤ ሲቀልድ ራሱ ብቻ ነው የሚስቀው።

ባለ ቦቲዋ ሥራዋን ጨርሳ ትናንት ሄደች። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ያወቀውን ነገር ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሌላው እስኪናገር የሚጠብቅ ግን ከሷ በቀር አላየሁም። ስትሰናበተኝ "ያን ቀን መርፌዬን እስካስቀምጥ ለምን ጠበቅሽ?" አልኳት። ፈገግ አለችና በአስተርጓሚው እንዲህ አለችኝ፦ "ሰው መክሮኝ ነው። 'ሲቋጥር አይሰማሽም። ሰው ፊት ብትነግሪውም አይሰማሽም። መርፌውን ሲያስቀምጥ፣ ብቻውን ሲሆን ንገሪው፤ ከዚያ ለሱ ተዪው፤ ራሱ ይናገራል' ብሎኝ።"

ማን መከረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። መርፌ ማስቀመጤን እየጠበቀ ያደገ ሰው በዚህ ዓለም አንድ ብቻ ነው። ከሄደች በኋላ መረቡ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ለእናትሽ ጉንፋን ነው አልኳት፤ አላመነችኝም።

ልጄ፣ ያኔ ሰው ፊት መናገርሽ ጥፋት አልነበረም። ልክ ነበርሽ፤ ልክ መሆንሽንም ያን ዕለት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

እንጨቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በማስመሪያሽ ለኪውና ስንት እንደጎደለ ንገሪኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።

የያዝሽው ይባረክ፣ የጀመርሽው ይቅናሽ፣ ያስተማሩሽን ሁሉ ዕድሜ ይስጣቸው። ናፍቀሽኛል።

መርፌውን አስቀምጦ የሚጠብቅሽ
አባትሽ