ሠላሳ አንድ ለቅሶ

ቴፒ፣ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሳዕና፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ለክፉ አይሰጥም። ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል። ሰማዩ ግን ጠዋት ብሩህ ሆኖ ከሰዓት ይጠቁራል። ይህችን ስጽፍ ሁለቴ ተነሥቼ ሸራ አልብሼ ተመለስኩ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ባለፈው ሚያዝያና ግንቦት በኮሮና ሞቱ ተብሎ ከእኛ አካባቢ ለመሥሪያ ቤትሽ ሪፖርት የተደረገው ሁለት ሰው ብቻ እንደሆነ ነግረሽኝ፣ “አባዬ፣ እውነት ሁለት ነው? የለቅሶ ደብተርህን ላክልኝ” ብለሻል።

ደብተሩን ታውቂዋለሽ። ከገበሬ ቡና የሚገዛ ሰው ለቅሶ ካልደረሰ፣ በዓመቱ እሸት ቡናውን ለሌላ ነጋዴ ይሰጡበታል። ስለዚህ ከሸኮ እስከ ጌጫ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደተቀበረ፣ ምን እንዳመመው እጽፋለሁ። በደህናው ዘመን በሁለት ወር ከስምንት ስም አያልፍም ነበር። በእነዚያ ሁለት ወሮች ሠላሳ አንድ አለ። “ሳል”፣ “ሳል”፣ “ትንፋሽ አጠረው” እያለ ይወርዳል።

ሪፖርቱን የጻፈውን ሰው ዋሸ እንዳትይው። የነገርነውን ነው የጻፈው።

አሁን ደግሞ ዘነበ ብዬ ወጥቼ ነበር። አልዘነበም። ከወንበሬ የሚያስነሣኝ ዝናቡ ብቻ አይደለም።

እናትሽ ንጋቷ የመጋዘናችን አፍንጫ ነበረች። ጆንያ ሳይፈታ የሻገተውን ትለይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ከሸኮ የመጣ ጀንፈል ቡና ለእኔ እንኳ ሻጋታው ሲሸተኝ፣ እሷ እፍኝ አውጥታ አሸተተችና “ደህና ነው፣ አስገቡት” አለች። የዚያኑ ዕለት ምን እንደያዛት ዐወቅኩ። በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ትሕትና ለምርመራ ናሙና ልትወስድ መጣች።

“ጨጓራዋ ነው” አልኳት።

“ጋሼ ባዘዘው፣ ጨጓራ ትንፋሽ ያሳጥራል እንዴ?”

“አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?” ብዬ ከበር መለስኳት።

እናትሽ ያረፈች ዕለት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ታፈሰ ለብቻዬ ጠራኝ።

“ባዘዘው፣ ያ ነገር ከሆነ ንገረኝ። ድንኳን አይተከልም፤ ጥቂት ሰው ቀብሮ ይበተናል።”

“ጨጓራ ነው።”

“እንግዲያው ወንበሩ ሁሉ ይውጣ።”

ድንኳኑ ጢም ብሎ መሙላቱን መጥተሽ አይተሻል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ስትደርስ የኖረች ሴት በስድስት ሰው ትቀበር ማለት አልሆነልኝም። ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ደብተሩን ስታነቢ ከአራተኛው ስም ጀምሮ ቀኖቹን አስተውዪ። እናትሽን ከገነዙት ሦስት ሴቶች ሁለቱ አሉበት። አንዷ በየነች ናት። ልጇ ትዕግሥት እስከ ዛሬ በየቅዳሜው ወጥ ሠርታ ታመጣልኛለች፤ “ጋሼ፣ ብቻዎን ሆነው ምን ይበላሉ?” እያለች። እበላለሁ።

ደብተሩን ነገ ጠዋት በሚወጣው አውቶቡስ በሾፌሩ እጅ እልከዋለሁ። ከመላኬ በፊት አንድ ጊዜ ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ ሆነ፤ እናትሽ የለችበትም። ደብተሩ እኔ ሄጄ የምደርሰው ለቅሶ እንጂ ወደ ቤቴ የመጣው አይጻፍበትም። ሰባት ወር ሙሉ ስገልጠው ይህን አላየሁም ነበር።

ዛሬ ጻፍኳት። በሦስተኛውና በአራተኛው ስም መካከል ቦታ ስላልነበረ ጠርዙ ላይ ነው ያለችው። ምን እንደገደላትም አጠገቧ አለ። ጨጓራ አይልም። ስትቆጥሪ እንዳታልፊያት።

በዚህ ቅዳሜ ትዕግሥት እስክትመጣ አልጠብቅም፤ እኔው ቤቷ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

የእናትሽ አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ባትደውዪም ይገባኛል።

አባትሽ ባዘዘው