ለጥቁር ምንጭ ጌታ፦ ልጄን በክርስትና ስሟ ስለ መጥራትዎ

ኮሶ አምባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ
ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ለክቡርነትዎ፣ ለጥቁር ምንጭ ባለቤት፣ ለጉሙና ለገደሉ ሁሉ ጠቅላይ ገዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ሆኑ ቁመታቸው ከጉልበት የማያልፈው፣ ሲራመዱ ሣር የማይታጠፍላቸው፣ ጆሮ ረጃጅም ጉመኞችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ፣ ክብርዎ ይስፋና፣ ከእንቅልፍ፣ ከእህል ጣዕምና ከልብ ዕረፍት በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እኔ ቢያዝን ዳኛው እባላለሁ፤ ጎንደር ከተማ ፍርድ ቤት ደጅ፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጠረጴዛ ላይ ለባላገር ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ለምስለኔም፣ ለዳኛም፣ ለደጃዝማችም ጽፌአለሁ፤ እንደ ዛሬው ቀለም የደፋሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ስለ ጉም የተባለ ነገር ስላላገኘሁ ነው የደፈርሁት።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ በሚያዝያ ምንጭዎ ነጥፎ ከብቱም ሰዉም ተጠማ። የአገሩ ልማድ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ቅል ይዛ ከምንጩ አፍ ትቆማለች፣ ሽማግሌም በቃል ይለምናል፣ የልጅቱ ስም ግን ከቶ አይነሣም። እኔ ግን ከከተማ ሥራዬ ወደ አገሬ የመጣሁት ዐዋቂ፣ በቃል የተባለ ነገር አቤቱታ አይሆንም ብዬ ሽማግሎቹን አሳፍሬ፣ ማመልከቻውን እንደ ሕጉ በሦስት ቅጂ ጻፍሁት። አንድ ነገር የጎደለው ማመልከቻ ከበር እንደሚመለስ ስለማውቅ ቅል የያዘችውን ልጅ ስም ከነአባት፣ ከነአያት ሞላሁ፤ ያም አንሶኝ የክርስትና ስሟን ጨመርሁ። ያ ስም ከእናቷ፣ ከክርስትና እናቷና ካጠመቋት ቄስ በቀር ጎረቤት እንኳ የማያውቀው ስም ነበር። ልጅቱም የዘጠኝ ዓመቷ አበቡ፣ የገዛ ልጄ ነበረች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታማ ወጌሻም የለው።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ/ ስለ ፍጥነትዎ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። እኔ በማውቀው ደጅ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ነገር በእርስዎ ዘንድ በሦስት ቀን አለቀ፤ ውኃውም እንደ ቀድሞው ፈሰሰ። ከምንጩ አፍ ያኖርሁትንም ማመልከቻ ርሶ ከደጄ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ኅዳጉ ላይ፣ ከልጄ ስም ትይዩ፣ ሸጋ በሆነ የጭቃ ጽሕፈት «ትቅረብ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሮበታል። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ በሰው ወረቀት ላይ አይቻታለሁ፤ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» እያልሁ ለስንቱ አንብቤአለሁ። ያን ቀን ግን መድረኩ ላይ ቁጭ አልሁ።

፪ኛ/ ጉመኞችዎ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ጉሙን ለብሰው ይወርዱና ልጄን በክርስትና ስሟ ይጠሯታል። የማይታይ ሰው ሲጠራ አቤት እንደማይባል፣ ሦስተኛውን አቤት ያለም እንደማይመለስ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አበቡ ግን ከበር ምስር ስትለቅም ተጠራችና አቤት አለች። ምነው አትል? ታላቅ ሲጠራሽ ፈጥነሽ አቤት በዪ ብለን ያሳደግናት እኛ ነን፤ የአስተዳደጋችንን ፍሬ ስላሳዩን ውለታዎ አይረሳም። ሁለተኛውን አቤት ያለች ጊዜ እናቷ ትርንጎ ሮጣ ስትደርስ ወገቧ ድረስ ከምንጭዎ ውስጥ ቆማ አገኘቻት። አሁን የቀረቻት አንዲት አቤት ናት።

፫ኛ/ ቀሚሷ አይደርቅም። ስምንት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሰጣነው፣ እሳት ዳር ሰቀልነው፤ ትርንጎ በጨመቀችው ቁጥር ውኃ ይወርደዋል። ሌላ ብናለብሳት እሱም ከገላዋ ላይ ይርሳል። እጇን ይዤ እውላለሁ፣ እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ እሷም ማታ ማታ አባዬ ምን አጠፋሁ ትለኛለች። እፈራለሁ፣ ጌታዬ። ይህን በማመልከቻ ወግ እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም፤ ዝም ብዬ እፈራለሁ።

፬ኛ/ ያጠመቋትን መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስን እግራቸው ላይ ወድቄ ሌላ ስም ስጡልኝ ብዬ ለመንሁ። ጥምቀት አንዲት ናት፣ ልጄ፣ ስምም አይለወጥም ብለው፣ ጠበል ረጭተው፣ አብረውኝ አለቀሱ። በቃል መለመናቸውን ነቅፌ ያሳፈርኋቸው ሽማግሌ አያ አዘዘ ግን፣ ጆሯቸው ከደነቆረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ነገሩን ሚስታቸው ጮኻ ካስረዳቻቸው በኋላ፣ ስሙን መመለስ ካልተቻለ ማብዛት ነው እንጂ ምን መላ አለው አሉ።

ስለሆነም፣ ሳያውቁት እንዳይደርስብዎ ክቡርነትዎን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ነገ ቀትር ላይ ያንን ስም ሲያስጠሩ አቤት የሚለው ኮሶ አምባ በሙሉ ነው። እያንዳንዱ ከሦስቱ አንዲቱን አቤት በፈቃዱ እንደሚያጠፋ ያውቃል። የአራስ ቤት ሴት ሳትቀር እኔም እላለሁ ብላለች፤ ተዉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ ብዬ ብለምን ማንም አልሰማኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኛም እንደ ፈራን እንጠብቅዎታለን።

ግርማዎ ከጉሙ በላይ ከፍ ይበልልን፤ ዙፋንዎም እንደ ልጄ ቀሚስ ርጥበት አይለየው። ከእግርዎ ሥር ከዐፈሩ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የማይረባ አገልጋይዎ፣

ቢያዝን ዳኛው፣ ራፖር ጸሐፊ
የክርስትና ስም፦ ይህን ቦታ ባዶ የተውሁት በስሕተት አይደለም

ግልባጭ፦ ከምንጩ በላይ ባለው ኮሶ ዛፍ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላምና በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ተለጥፏል

ማስታወሻ፤ ግንቦት ፲ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የተጨመረ

ጥሪዎ በሰዓቱ ደርሶናል። አርባ ሦስት ሰው በአንድ አፍ አቤት ብሎልዎታል፤ አያ አዘዘ ጥሪውን ስላልሰሙ፣ የሰዉን አፍ አይተው፣ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ብቻቸውን አቤት ብለው አገሩን አናወጡት። ጉሙ ከደጃችን ቆመ፣ ወዲያና ወዲህ አለ፤ ኋላ ወደ ገደሉ ተመለሰ። አበቡ ብቻ አልመለሰችልዎትም፤ እናቷ ቆሎ አፏን ሙሉ አጉርሳት ነበርና፣ ስለ ድፍረቷ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህን ስጽፍ ቀሚሷ ደርቋል። ነገም ቀትር እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ጉዳዩን ለመቀጠል ከፈለጉ፣ ከአርባ አራታችን የትኛውን እንደሚሹ ከነአባት፣ ከነአያት ለይተው በሦስት ቅጂ ማመልከት ይኖርብዎታል። መጻፉ ከከበደዎት ሥራዬ ነውና እኔው እጽፍልዎታለሁ። ማመልከቻው ከበር እንዳይመለስ ብቻ፣ ሙሉ ስምዎን፣ ካለዎትም የክርስትና ስምዎን ጭምር፣ ይላኩልኝ።